ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ምሪካ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርግ ታዝዛ ነበር፤ እሱንም አላደረገችው።

ያዘዛት አጎቷ ዜፍ ነው። ዜፍን በሌዣ ሜዳ ያለ ባለመኪና ሁሉ «ኡስታ»፣ የሙያው ጌታ፣ እያለ ይጠራዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታ የኖረ፣ ምላሱ የማይበገር፣ ጆሮው ግን የሚታመን ሰው ነው። ከሁለት ቀን በፊት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መኪናቸውን ለሚሸጡልሽ ሽማግሌ ደውዪላቸው» አላት። «እኛ እስክንደርስ መኪናዋን እንዳያስነሷት ንገሪያቸው። ሞተሩን ቀዝቅዞ ላግኘው። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።»

ደወለች። ከተራራው ላይ የሽማግሌው የፕሬንግ ድምፅ «ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን፣ ልጄ!» ብሎ ተቀበላት። ከኋላቸው ባለቤታቸው ዲላ «ሥጋ ይበሉ እንደሆነ ጠይቃት! አይብስ? ቃሪያ ያቃጥላቸዋል ወይ?» እያሉ ሲጮሁ ይሰማል። ምሪካ አፏን ከፈተች፤ ይሉኝታ መልሶ ዘጋው። ላንቺ ብሎ ጠቦት ለሚያርድ ሰው፣ መኪናዎን አይንኩ፣ አላምንዎትም፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል? «ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጉዳዩን ከዚያ በኋላ ለማንም አላነሳችም።

ይህ ይሉኝታ ምን ሊያስከፍላት እንደሚችል ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ምሪካ ባሕር ተሻግራ አሥራ አንድ ዓመት ባሪ ከተማ የጣልያን አሮጊቶችን ስታጥብና ስታጎርስ ኖራለች። አገሯ ስትመለስ በልቧ የነበረው አንድ ሐሳብ ነው፤ ሙሽራ የምታመላልስ ሾፌር መሆን። በሜዳው አገር ረጅም ጥቁር መኪና የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። መሪውን ሴት ስትይዝ ደግሞ የሙሽሮቹ እናቶች «ልጃችንን ሴት ትውሰድልን» እያሉ ወደዱት። የመጀመሪያ መኪናዋን ከአውራ ጎዳናው ዳር ከተደረደሩት መሸጫዎች ከአንዱ ገዛች። መኪናዋ ታብረቀርቅ ነበር። ሻጩ አስነስቶ፣ አሙቆ፣ ሽቶ ረጭቶ ነው የጠበቃት።

በሦስተኛው ሳምንት ማት ወንዝ ድልድይ ላይ፣ ሰባት መኪና ከፊትና ከኋላ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ከኮፈኑ ሥር ቋ! የሚል ድምፅ ወጣና ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ሙሽራዋን ወደ አንድ የዘመድ ዳቦ ማመላለሻ አሸጋገሯት። ነጭ ቀሚሷ ላይ ዱቄት እንኳ አይታይም ትሉ ይሆናል፤ አብሯት በተሳፈረው ሙሽራ ጥቁር ሱሪ ላይ ግን ታየ፤ ሠርገኛውም እስከ ማታ ሲያራግፍለት ዋለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሪካ «የድልድዩዋ ሴትዮ» ሆነች። ዜፍ ሞተሩን ሲከፍተው ካቴናው ጥርሱን ስቶ፣ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው፣ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

አሁን በእጇ የቀረው አንዲት መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ ሁለት አይገዛም። የሰውን ወሬ ያልፈራች አንዲት ሙሽራ ለመስከረም ቀጥራታለች። ሁለተኛዋም መኪና ሙሽራ ይዛ ከቆመች ምሪካን የሚጠራት አይኖርም፤ ወደ ባሪ የሚሄደውን መርከብ መሳፈር ብቻ ነው የሚቀራት። ይህን እያሰበች ሳለች፣ ሁለቱን የጫነው የዜፍ አሮጌ ፒካፕ የሚርዲታን ተራራ እያቃሰተ ይወጣ ነበር።

«ሞተሩ ለምን ቀዝቃዛ መሆን እንዳለበት እስቲ ንገረኝ» አለችው፤ ስለ ስልኩ እንዳይጠይቃት ስትል ነው።

ዜፍ ስለ ሞተር ከጠየቁት ዓለም ይረሳዋል። ሁለቱንም እጁን ከመሪው አነሳ። «ከታች ፒስተኑ ይወጣል» አለ አንዱን ጡጫ እያነሳ። «ከላይ ቫልቩ ይወርዳል። መንገዳቸው አንድ ነው።»

«መሪውን ያዝ!»

«ይዣለሁ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቩ ዞር ማለት አለበት። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የጣት ውፍረት አይሞላም። አውራ ጎዳና ላይ ስትነጂ በየሴኮንዱ ሃምሳ ጊዜ እንዲህ ይተላለፋሉ። ሃምሳ ጊዜ! አንዴም ሳይነካኩ! ከሚላኖ እስከ እዚህ ንጂያት፣ አይነካኩም። ማነው ይህን የሚያደርገው?»

«ካቴናው።»

«አንዲት ካቴና። የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር ያሰረች፣ ወፍራም የብስክሌት ካቴና የምትመስል። ስንት ሞተር ከፍቼ፣ ዛሬም ክዳኑን አንስቼ ሳያት ኮፍያዬን ማውለቅ ያምረኛል።» ድምፁ ዝቅ አለ። እንዲህ ሲናገር ምሪካ ሰምታው አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከዚህ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። «ስታረጅ ትረዝማለች። ስትረዝም ደግሞ ከጎን የሚወጥራት አለ፤ በዘይት ኃይል ነው የሚገፋት። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ይወርዳል። ጠዋት ስታስነሺው ዘይቱ እስኪመለስ ሁለት ሴኮንድ፣ ሦስት ሴኮንድ ካቴናዋ ልቅ ናት። የውስጧን የምትናገረው ያኔ ነው። ከዚያ ዘይቱ ይደርስና አፏን ይይዛታል። ከሞቀ በኋላ ጆሮሽን ብትለጥፊ ምንም አትሰሚም። ሽማግሌው እሺ አሉሽ አይደል?»

«እ?»

«እንዳያስነሱ።»

«እ… ሰላም ብለውሃል» አለች ምሪካ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ነፋስ ተቀበለች።

ፕሬንግ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው በር ላይ ቆመዋል። ዲላ ከጎናቸው የራኪ አረቄ ብርጭቆ የተደረደረበት ሳህን ይዘዋል። ከኋላቸው፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ረጅሟ ጥቁር ጀርመን ሠራሽ መኪና ቆማለች፤ ሰማዩ ከነደመናው ኮፈኗ ላይ ይታያል። ሞተሯም ተነስቷል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አሉ ፕሬንግ ደረታቸውን ነፍተው። «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ሳሞቅላችሁ ነው። ለእንግዳ ቀዝቃዛ ነገር ይቀርባል እንዴ?»

ዜፍ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ወደ ምሪካ ዞረ። ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

መኪናዋ ግን ታምር ነበረች። ላሟ ተሽጣ በረቱ ለሷ ተለቅቆላት ነው የኖረችው፤ ሌሊት ሌሊት የምትለብሰው የሱፍ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። የኋላ መቀመጫው ሰው የተቀመጠበት አይመስልም። ዜፍ ከሥሯ ተጋድሞ ገባ፣ ወጣ፣ ጎማዋን ደበደበ፣ ዝገት ፈለገ፣ አጣ። ፕሬንግ ይህ ሁሉ ሲሆን ፈገግ ብለው ቆዩና ከሳህኑ ላይ አንድ ብርጭቆ አንስተው፣ እስከ አፉ ሞልተው፣ ከሚሠራው ሞተር ላይ አኖሩት። ራኪው ንቅንቅ አላለም። ምሪካ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ብርጭቆ ሥር ስንት ነገር እየወጣና እየወረደ እንደሆነ አሁን ታውቃለች፤ የመጠጡ ፊት ግን እንደ መስታወት ረግቷል። ይህችን መኪና ምን ያህል እንደተመኘቻት ስታውቅ ደነገጠች።

ለምሳ ሊገቡ ሲሉ ዜፍ ክንዷን ያዛት። «ይህ ሞተር ለመቀዝቀዝ ሌሊቱ ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያ ነገ እንመለሳ።»

«ነገ ብንመለስ ነገም ያሞቁልናል።»

«ንገራቸዋ።»

«አንቺ ንገሪያቸው። በስልክ ጎበዝ ነሽ።»

ምሳው ጠቦት፣ የበቆሎ ዳቦ፣ አይብና በሆምጣጤ የተነከረ ቃሪያ ነበር። የሚባለው ሁሉ ተብሎ፣ ለሄዱትም ለቀሩትም ተጠጥቶ፣ እንግዶቹ ሲነሱ ፕሬንግ እንደማንኛውም የተራራ ሰው «ዛሬማ እዚሁ ነው የምታድሩት!» አሉ። ይህ ይባላል። እንግዳው ደግሞ «አይ፣ ሥራ አለብን» ይላል። ባለቤቱ ይምላል፣ እንግዳው ይምላል፤ በሦስተኛው ተሳስመው ይለያያሉ። ሲያያዝ የመጣ ነው፤ ማንም ከዚህ ወጥቶ አያውቅም።

«እሺ፣ እናድራለን» አለ ዜፍ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ዲላ ሳህን እንደያዙ ቀሩ። ምሪካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በአንድ ጊዜ! ገና ሳይለመን! ፕሬንግ ግን ለትንሽ ጊዜ ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ ቆዩና ፊታቸው በርቶ በርቶ፣ «ዲላ! ሰማሽ? ያድራሉ! የላይኛውን ክፍል ክፈቺ!» ብለው ጮኹ። በዚያ ቤት እንግዳ ካደረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ከአጯጯሃቸው ያስታውቅ ነበር።

ማዕዱ እንደገና ተዘረጋ። ፕሬንግም ሳይጠየቁ የመኪናዋን ታሪክ ጀመሩ። የገዛት ልጃቸው ሌሽ ነው፤ ጀርመን አገር ግንብ ሲገነባ ከርሞ፣ አንድ በጋ ነድቷት መጣ። ሲመለስ በአውሮፕላን ሄደ።

«'አባባ፣ እስክመጣ ጠዋት ጠዋት አስነሳት፣ ባትሪዋ እንዳይሞት' አለኝ። ቃሌን ሰጠሁት። በመስከረም ዘጠኝ ዓመት ይሞላል።»

«በየቀኑ ያስነሷታል?» አለ ዜፍ።

«ምን ማለትህ ነው? ቃል ሰጥቼ!» ሽማግሌው ተቆጡ። «ዲላ ሆስፒታል የገባች ጊዜ መኪናዋን አስነስቼ ነው የወረድኩት። በረዶው በሩን የደፈነው ዓመት በመስኮት ወጥቼ ነው የሄድኩት።»

«እግሩን ሊሰብር» አሉ ዲላ።

«አይነዷትም?»

«በልጄ መኪና የት ልሂድ? ሁለት ደቂቃ አስነሳታለሁ። አጠገቧ እቆማለሁ። አጠፋታለሁ። ሁለት ደቂቃ፣ በሰዓት!»

«እዚያው ቤት ገዛ» አሉ ዲላ የዳቦ ፍርፋሪ በእጃቸው እየሰበሰቡ። «ባለፈው ወር ደውሎ ሽጧት አለ። አይመጣም።»

ፕሬንግ ይህን ያልሰሙ መሰሉ። ምሪካ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወላጅ ያጠበችው በደመወዝ ነው፤ በዕረፍት ቀኗ አልጋዋ ላይ ተዘርግታ ትውል ነበር። በረዶ ሲዘንብ በመስኮት የሚወጣ ሰው፣ ያውም ለሁለት ደቂቃ፣ አይታ አታውቅም። በእኚህ ሰውዬ ፊት በውሸት መቀመጧ አሳፈራት። ዜፍን ስታየው ሹካውን አስቀምጧል። ጠቦቱን ሲያወድስ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ አልበላም፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

«አባባ ፕሬንግ» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት። ነገ ሲያስነሷት አብሬ ልቁም። እስከዚያ ማንም አይንካት።»

ፕሬንግ ከሰደርያ ኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ከዳቦው አጠገብ አኖሩት። «እዚህ ያድራል» አሉ። በዳቦ ፊት የተሰጠ ቃል ነውና ከዚያ በኋላ ያን ቁልፍ የሚነካ እጅ በቤቱ እንደማይኖር ሁሉም ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም፣ ማታ መኪናዋን ሳያስነሱ ገፍተው ባስገቡበት በረት ደጃፍ ቆሙ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ፕሬንግ ፊታቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፤ ለእንግዶቹ ብለው መሰላት፣ ኋላ ግን ዲላ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ለብሰው እንደሚወጡ ነገሯት። ብርድ ልብሱን ገፈው አጣጠፉት። ዜፍ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰው፤ በረዶ ነው። ከዚያ የማትለየውን የደረቀ እንጨት ዘንግ ለምሪካ ሰጣት።

«እኔ?»

«የምትነጂው አንቺ ነሽ። ይኸውልሽ፣ ጫፉን እዚህ፣ ሌላውን ጆሮሽ ላይ። ትንፋሽሽን ያዢ።»

አንዱን ጫፍ የሞተሩ ፊት ላይ አሳረፈች፤ ሌላውን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀች። ምንም የለም። የራሷ ልብ ብቻ ይሰማታል። ፕሬንግ ገብተው ተቀመጡ፣ አማተቡ፣ ቁልፉን አዞሩ።

በቆርቆሮ የሚናጥ ጠጠር ነበር የሰማችው። እንጨቱ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ አንዳች ነገር ድምፁን ከውስጥ ይዞ ጭጭ አሰኘው፤ ሞተሩም ወደ ትናንቱ ልስላሴ ተመለሰ። ምሪካ ዘንጉን ከጆሮዋ ማንሳት ተሳናት። ከዚያ ሁሉ ውበት ሥር ይህ ተቀምጦ ነበር! ያ ድልድይ ታያት፤ ዱቄት የነካው ሙሽራ ታያት።

ፕሬንግ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ፊታቸው ሙሉ ለሙሉ ሳቅ ሆኗል። «ሰማችኋት? እንደምን አደራችሁ አለቻችሁ! ለሌላ ሰው አታደርገውም ብዬ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ አትናገርም ነበር እኮ፤ እየተላመድን ስንሄድ ነው ሰላምታ የጀመረችው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትጨምራለች።»

«ያጥፏት፣ አባባ» አለ ዜፍ።

«ሁለት ደቂቃ አልሞላም!»

«ግድ የለም። ያጥፏት።»

ዜፍ እስከ ረፋድ ሠራ። ሽማግሌውን አስፈቅዶ የዘይቱን ማጣሪያ አወጣ፣ ወረቀቱን በቢላ ቀዶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው፤ በመሐሉ የጥፍር ቁራጭ የሚያካክሉ ቡናማ ፕላስቲኮች ነበሩ። ካቴናዋ የምትንሸራተትበት መንገድ ነው የተቆረሰው። ቀጥሎ ከሞተሩ ጎን ካቴናዋን የሚወጥረውን ብረት ፈታ። ጫፉ እስከ መጨረሻው ወጥቶ አልቋል፤ ከዚህ በላይ የሚገፋበት ቦታ የለውም። ዜፍ ብረቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። «አምላኬ» አለ ለራሱ፣ «ይህን ያህል ተዘርግተሽ ይዘሻት ኖረሻል?»

ከዚያ ለፕሬንግ ነገራቸው። በምላሱ አገር የሚያሸብረው ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠ፣ ካቴናዋ ረዝማለች፣ ማለዳ ጥርስ ልትስት ትችላለች፣ ከሳተች ሞተሩ ያበቃለታል አለ።

«ስልሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች መኪና!» አሉ ፕሬንግ። «ገብተህ እየው! ቆጣሪውን አልነካሁትም!»

«አይቻለሁ። መንገድ አይደለም እንዲህ ያደረጋት።»

ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ። «ጠዋቶቹ ናቸው?»

ዜፍ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ጠዋቶቹ ናቸው። በብርዱ ተነስታ ሳትሞቅ ትጠፋለች። ቢነዷት ኖሮ ምንም አትሆን ነበር።»

«እኔ ነኛ።»

«አባባ፣ ለኔ ቢሰጠኝ በሁለተኛው ሳምንት እረሳው ነበር። እርስዎን የመሰለ ቃል ጠባቂ አላየሁም።»

ፕሬንግ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ዘጉት። ብርድ ልብሱን አነሱና መኪናዋን አለበሷት፤ ጥጉን ሁሉ እየጎተቱ፣ አንድ በአንድ። «አልሸጣትም» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተው። «ቤቴ ያደረ እንግዳ የታመመ ነገር ይዞ አይወርድም። ሂዱ ልጆቼ፣ በሰላም ግቡ።»

ዜፍ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «ሰምተሻል፣ ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «እግዜር ነው ያተረፈሽ።»

እውነቱን ነው፤ ልትደሰት በተገባት ነበር። እሷ ግን የብርድ ልብሱን ጥግ የሚያስተካክሉትን እጆች እያየች ስለ መጀመሪያዋ መኪና ታስብ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አታውቅም ነበር። ይህችን ግን እስከ አንጀቷ ሰምታታለች፤ በሽታዋን ታውቃለች፣ ያመጣውንም ታውቃለች። የቀረው አካሏ እንከን የለውም። ስንት ሰው የሚገዛውን ነገር እንዲህ አውቆ ይገዛል?

«አባባ ፕሬንግ፣ እኔ ትናንት በርዎ የገባሁት ውሸት ይዤ ነው።»

ዞሩ።

«ኡስታ ሞተሩን እንዳያስነሱ ንገሪያቸው ብሎኝ ነበር። አፈርኩ። አላምንዎትም ማለት መሰለኝ፤ ለእሱም የነገርኩዎት አስመሰልኩ።»

«አዬ ጉድ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ነግረሽኝ ቢሆን…»

«እሺ?»

«ስልኩን ጆሮሽ ላይ ነበር የምጠረቅመው።»

መጀመሪያ የሳቁት ከቤቱ ደጃፍ ሆነው የሚሰሙት ዲላ ናቸው። ከዚያ ዜፍ ሳይወድ ሳቀ፤ በመጨረሻ ፕሬንግ ራሳቸው በዕንባቸው መሐል ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ምሪካ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። «የፊተኛዋን የሸጠልኝ ሰው አንዲት ቃል አልነገረኝም። እርስዎ ከነሰላምታዋ አሰሙኝ። እኔ ከዚህች ሌላ መኪና አልገዛም። ካቴና ይቀየራል። ይቀየራል አይደል፣ አጎቴ?»

ዜፍ አንገቱን አከከ። «ይቀየራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እኔንም ይፈጀኛል። ግን ይቀየራል።»

ፕሬንግም እሺ አሉ፤ ዋጋው ዜፍ ባለው ተቆረጠ፤ ማንም አልተከራከረም። መኪናዋ ሳትነሳ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ወረደች፤ ፕሬንግ እስከ መታጠፊያው ከኋላዋ በእግራቸው ሸኟት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕሬንግ በጠዋቱ አውቶቡስ ወርደው ጋራዡ ደረሱ። ንጹሑን ኮት ለብሰዋል፣ ተላጭተዋል። የዲላን አይብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሌሊቱን ቆማ ያደረችው መኪና ከጋራዡ መሐል ናት፤ ዜፍ እሳቸው ሳይመጡ አላስነሳም ብሎ ነበር።

«መጀመሪያ ይህን ይዩ» አላቸው።

ግድግዳው ላይ ከአንድ ምስማር ሁለት ካቴና ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ተፈትተው ቀጥ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። አንዱ ከዚህችው መኪና ሞተር የወጣው አሮጌው ነው። ሌላው አሁን በቦታው የገባው የአዲሱ ካቴና ወንድም ነው፤ ዜፍ ሊያስተያይላቸው ብሎ ከደንበኛ የተበደረው። ከላይ እስከ ወገባቸው ምንም አይለያዩም። ታች ሲደርሱ ግን አሮጌው አልፎ ይወርዳል፤ በአንዲት የስንዴ ፍሬ ርዝመት።

ፕሬንግ ተጠጉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጣታቸውን ከአዲሱ ጫፍ ሥር አስገብተው የአሮጌውን ትርፍ ነኩት። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት» አለ ዜፍ።

«ሦስት ሺህ ከምናምን ጠዋት?»

«ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ፣ አባባ። አንዱም አልጠፋም።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያነሱ ቆዩ። በረዶውም፣ መስኮቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ብቻቸውን የቆሙበት ማለዳ ሁሉ ከጣታቸው ሥር ነበር። ምሪካ ያን ርዝመት ማየት ፈራች።

ፕሬንግ አይቡን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ በጨርቁ አሮጌውን ካቴና ጠቀለሉት። «ይህን እኔ ልውሰደው» አሉ። «ሌሽ ሲመጣ አሳየዋለሁ።»

ምሪካ ቁልፉን እጃቸው ላይ አኖረች። «እርስዎ ያስነሷት።» ገብተው ተቀመጡ፣ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ አማተቡ፣ አዞሩ። እሷ ዘንጉን ጆሮዋ ላይ ይዛለች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሞተሩ በዚያ ብርድ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ ሐር ነበር። መስከረምን አሁን ማሰብ ትችላለች።

«ሰላም አላለችኝም» አሉ ፕሬንግ።

«ድናለች፣ አባባ።»

«አዎ።» ጆሮ ሰጥተው ትንሽ ቆዩ። «አዎ፣ ድናለች።»

ዜፍ የጋራዡን በር ግራና ቀኝ ከፈተው፤ ብርሃን ገባ። ምሪካ ዞራ በሌላው በር ልትገባ ስትል ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን ሲያዩ አየች። ሁለት ደቂቃ ሞልቷል። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቁልፉ ሄደ።

አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «ይተዉት፣ አባባ» አለቻቸው። «ዛሬ እንሄዳለን።»